ለ1 ሜትር ቴሌስኮፕ የሚሆን የኢንፍራሬድ ስፔክትሮግራፍ፦ ተራ ግሬቲንግ፣ ግሪዝም ወይስ የሲሊከን ኢመርሽን ግሬቲንግ?

የቦርከና ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም። እህታችሁ የፊዚክስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በቅርብ ኢንፍራሬድ የሚሠራ የአንድ አነስተኛ ስፔክትሮግራፍ (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ በትኖ የሚመዘግብ መሣሪያ) ንድፍ ነው። ንድፉ የሚታሰበው እንጦጦ ላይ እንዳሉት ሁለት ቴሌስኮፖች ዋና መስታወቱ 1 ሜትር ለሆነ ቴሌስኮፕ ሲሆን፣ በላስታ ከፍታዎች፣ በተለይም ከ4,200 ሜትር በላይ በሆነው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ወደፊት እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢተከል ምን ይለወጣል የሚለውንም በአንድ ምዕራፍ ለማየት አስቤአለሁ።

መሣሪያው ኤች እና ኬ ባንድ የሚባሉትን መስኮቶች፣ ማለትም ከ1.45 እስከ 2.4 ማይክሮሜትር ያለውን የሞገድ ርዝመት እንዲሸፍን እፈልጋለሁ። የመለየት አቅሙ (የሞገድ ርዝመቱ መሣሪያው ሊለየው ለሚችለው ትንሹ ልዩነት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) 3,000 ገደማ እንዲሆን የወሰንኩት፣ በከፍተኛው ከባቢ አየር የሚገኘው የሃይድሮክሲል ሞለኪውል የሚያመነጫቸው ደማቅ መስመሮች እርስ በርሳቸው ተለያይተው በመካከላቸው ጨለማ ክፍተት የሚታየው ከዚህ አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ ነው። ብርሃኑ የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ፣ ማለትም ስሊቱ፣ 2 አርክሰከንድ (አንዱ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3,600 ነው)፣ ትይዩው ጨረር 20 ሚሊሜትር፣ ዲቴክተሩ ደግሞ በአንድ ጎኑ 2,048 ፒክስል ያለው ነው።

አማካሪዬ ከካታሎግ የሚገዛ ተራ አንጸባራቂ ግሬቲንግ (ብርሃንን የሚበትኑ ጥቃቅን ትይዩ ጭረቶች ያሉት ገጽ) ይበቃሻል ይላሉ። እኔ ግን ኢግሪንስ በሚባለው ስፔክትሮግራፍ ውስጥ ያለው የሲሊከን ኢመርሽን ግሬቲንግ በዚያ ትንሽ አካሉ 45,000 የሚደርስ የመለየት አቅም መስጠቱን ካነበብኩ ወዲህ ሐሳቤ ተከፍሏል። ብርሃኑን የሚበትነው አካል የሚመረጠው በምን መመዘኛ ነው? ቅዝቃዜውስ ምርጫውን ይለውጠዋል?


ጦሳ ስር፣ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ኦፕቲክስ አስተምራለሁ። ጥያቄዎ በደንብ የተቀመጠ በመሆኑ መልሱን ከራስዎ ቁጥሮች ማውጣት ይቻላል።

የ1 ሜትር ቴሌስኮፕ በ2.2 ማይክሮሜትር በዲፍራክሽን ብቻ የሚወሰን ምስል ቢሰጥ የኮከቡ ስፋት ግማሽ አርክሰከንድ እንኳ አይሞላም። የእርስዎ ስሊት ግን 2 አርክሰከንድ ነው፤ ስለዚህ የመሣሪያውን የመለየት አቅም የሚወስነው የግሬቲንጉ የጭረት ብዛት ሳይሆን የስሊቱ ስፋት ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሁለት ነገሮች ይባዛሉ። የመጀመሪያው የትይዩው ጨረር ስፋት ለቴሌስኮፑ መስታወት ስፋትና ለስሊቱ ማዕዘን ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሲሆን፣ 2 አርክሰከንድ 0.0000097 ራዲያን ስለሆነ የእርስዎ ቁጥር 2,060 ገደማ ይመጣል። ሁለተኛው የበታኙ አካል ድርሻ ነው። ብርሃኑ በመጣበት አቅጣጫ በሚመለስበት አቀማመጥ ላይ ላለ አንጸባራቂ ግሬቲንግ ይህ ድርሻ የማዕዘኑ ታንጀንት እጥፍ ነው። ለግሪዝም፣ ማለትም ጭረት ለተሠራበት ፕሪዝም፣ ከስብረት ኢንዴክሱ (ቁሱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ከሚያሳየው ቁጥር) 1 ተቀንሶ በፕሪዝሙ ማዕዘን ታንጀንት ይባዛል። ለኢመርሽን ግሬቲንግ ደግሞ የታንጀንቱ እጥፍ በስብረት ኢንዴክሱ ይባዛል። ብርሃኑ ጭረቶቹን የሚያገኘው በሲሊከን ውስጥ ሆኖ፣ የሞገድ ርዝመቱም ከሦስት እጥፍ በላይ አጥሮ ስለሆነ፣ የኢመርሽን ግሬቲንግ ትርፍ በሙሉ የሚመጣው ከዚህ የስብረት ኢንዴክስ ነው።

ይህን ስሌት በኢግሪንስ ላይ ይሞክሩት። መሣሪያው በ2014 ሥራ የጀመረው በቴክሳስ በማክዶናልድ ኦብዘርቫቶሪ ባለው የ2.7 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ነው። ጨረሩ 25 ሚሊሜትር፣ ስሊቱ 1 አርክሰከንድ፣ የግሬቲንጉ ታንጀንት 3፣ የሲሊከኑ የስብረት ኢንዴክስ 3.4 ሲሆን፣ ብዜቱ 39,000 ገደማ ይሰጣል፤ ከተመዘገበው አቅም ብዙም አይርቅም። በኋላ ያው መሣሪያ 8.1 ሜትር ወደሆነው ጀሚኒ ሳውዝ ሲዛወር ስሊቱ ወደ 0.34 አርክሰከንድ ጠበበ፤ የመስታወቱና የስሊቱ ብዜት በሁለቱም ቦታ 2.7 አካባቢ ስለሆነ የመለየት አቅሙ እንዳለ ቆየ። መስታወት በተለቀ ቁጥር ወይ ስሊቱን ማጥበብ፣ ወይ ጨረሩን ማስፋት፣ አለዚያም የበታኙን ድርሻ ማሳደግ ግድ ይሆናል። የሲሊከን ኢመርሽን ግሬቲንግ የተፈለገውም ለዚህ ነው፤ ከፍተኛ የመለየት አቅም በሚቀዘቅዝ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ለማግኘት።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። 3,000ን ለ2,060 ሲያካፍሉ ከበታኙ የሚጠበቀው ድርሻ 1.46 ብቻ ነው። ይህን አንድ ተራ ግሬቲንግ በ36 ዲግሪ ማዕዘን ይሰጥዎታል። እንደ ኢግሪንስ ያለ ኢመርሽን ግሬቲንግ ቢያስገቡ 42,000 ይደርሳሉ፤ ነገር ግን ከ1 ሜትር መስታወት የተሰበሰበውን ጥቂት ብርሃን በ14 እጥፍ በሚበልጥ ስፋት መዘርጋት፣ አንድ ጭልፋ ሊጥ ለማኅበር በተጣደ ምጣድ ላይ እንደማስፋት ነው፤ ከጥቂት ደማቅ ኮከቦች በቀር የዲቴክተሩ የራሱ ጫጫታ ምልክቱን ይውጠዋል። በዚያ ላይ ጭረቶቹ በሚሊሜትር 36.5 ብቻ ስለሆኑ ብርሃኑ ከ70ኛው እስከ 120ኛው ባሉ ኦርደሮች (ግሬቲንግ በየተራ ቁጥራቸው በሚያወጣቸው ስፔክትረሞች) ተደራርቦ ስለሚወጣ፣ ኦርደሮቹን ወደ ጎን የሚለያይ ሌላ በታኝ ያስፈልጋል። ይህ ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ የመመረቂያ ሥራም ነው። አማካሪዎ ትክክል ናቸው።


ሐይቅ ዳር

መምህር የሰጡት ስሌት የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ነገሩ በተራ ግሬቲንግና በኢመርሽን ግሬቲንግ መካከል ብቻ የተጣለ ምርጫ አይመስለኝም። እህታችን፣ አብሽሪ፤ ሲሊከንን የወደድሽው በከንቱ አይደለም፤ ሊጠቅምሽ የሚችልበት ሌላ መልክ ስላለው ነው።

ግሪዝም ማለት አንዱ ገጹ ላይ ጭረት የተሠራበት ፕሪዝም ነው። ፕሪዝሙ ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ሲያጥፍ ጭረቱ ወደ ሌላው ወገን ይመልሰዋል፤ በዚህም የተመረጠው የሞገድ ርዝመት ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ይህ ማለት በፊልተር መንኰራኩር ላይ ተቀምጦ ሲፈለግ የሚገባ፣ ሳይፈለግ የሚወጣ በታኝ ማግኘት ነው፤ ሲወጣ መሣሪያው ካሜራ ይሆናል፣ ሲገባ ስፔክትሮግራፍ። በአንጸባራቂ ግሬቲንግ ግን ካሜራው በሌላ አቅጣጫ ስለሚቆም፣ መቀዝቀዝ ያለበት ዕቃ ይሰፋል፣ ይከብዳል።

ችግሩ የቁሱ የስብረት ኢንዴክስ ነው። ፕሪዝሙ 30 ዲግሪ ቢሆንና በመምህር ቁጥር ብናሰላ፣ ከንጹሕ የኳርትዝ መስታወት የተሠራ ግሪዝም 520 ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ከዚንክ ሴሌናይድ የተሠራው 1,700፤ ከሲሊከን የተሠራው ግን 2,880 ገደማ። ለአንቺ ፍላጎት ሲሊከን ይደርሳል ማለት ነው። በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ላይ ኒርካም በሚባለው ካሜራ ውስጥም ከ2.4 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚሠሩት ግሪዝሞች ከሲሊከን የተሠሩ ናቸው። በተጨማሪም ሲሊከን ከ1.1 ማይክሮሜትር በታች ያለውን ብርሃን ስለማያሳልፍ የሚታየውን ብርሃን ራሱ ይከለክልልሻል።

ዋጋውን ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። የስብረት ኢንዴክሱ 3.4 የሆነ ቁስ ገና ከመጀመሪያው ገጹ 30 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን ይመልሳል፤ ሁለቱም ገጾች ካልተቀቡ ግማሹ ብርሃን ገና በመግቢያና በመውጫው ይባክናል። ጠፍጣፋውን ገጽ መቀባት የተለመደ ነው፤ ጭረት ያለበትን መቀባት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጭረቶቹ የሚሠሩትም በአልማዝ በመጫር ሳይሆን በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ በመብላት ነው። ውሕዱ የሲሊከኑን ክሪስታል በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይበላም፤ በአንድ ዓይነት የአተም ንጣፍ ላይ ሲደርስ እጅግ ስለሚዘገይ እንደ መስታወት የለሰለሰ ገጽ ይተዋል። የጭረቱ ዳገት የሚስተካከለው ክሪስታሉ ገና ሲቆረጥ አቅጣጫውን በማዘንበል ነው። ነገር ግን በሁለቱ ንጣፎች መካከል ያለው ማዕዘን በተፈጥሮ 70.5 ዲግሪ እንጂ ለግሪዝም የሚመቸው 90 ዲግሪ አይደለም፤ ስለዚህ በ30 ዲግሪ ግሪዝም ላይ በጂኦሜትሪ ብቻ ብናሰላ ከብርሃኑ አንድ አምስተኛ የሚሆነው በማይፈለገው ገጽ ላይ ወድቆ ይጠፋል። ለኬ ባንድ በመጀመሪያው ኦርደር የሚያስፈልገው የጭረት ርቀት 1.8 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ጠባብ ጭረት በሲሊከን ላይ መሥራት የሚችል ቤተ ሙከራ ፈልጎ ማሠራት ግድ ይሆናል እንጂ ከካታሎግ አይገዛም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ፣ መሣሪያው ካሜራም ስፔክትሮግራፍም እንዲሆን ከተፈለገ የሲሊከን ግሪዝም፤ ስፔክትሮግራፍ ብቻ ከሆነ የመምህር ምክር የሚል ነው።


የቦርከና ልጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መሣሪያው ስፔክትሮግራፍ ብቻ ስለሆነ ወደ አንጸባራቂው ግሬቲንግ አዘንብያለሁ። አሁን የሚያስጨንቁኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። በካታሎግ በብዛት የማገኘው በሚሊሜትር 600 ጭረት ያለውን ነው፤ ለኬ ባንድ ይሆነኛል? ሁለተኛው፣ በክፍል ሙቀት የተነደፈ ግሬቲንግ በፈሳሽ ናይትሮጅን ሙቀት ሲቀመጥ ምን ይሆናል? የመሣሪያውን አካል እዚሁ ኮምቦልቻ በሚገኝ የብረት ሥራ ቤት ከአሉሚኒየም ለማሠራት ነው ሐሳቤ።


ላስታ ሰማይ

ስለ ቅዝቃዜው እኔ ልመልስ፤ የጭረቱን ነገር ለመምህር እተዋለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናስታውስ። በክፍል ሙቀት ያለ ማንኛውም አካል በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ አብዝቶ ያበራል፤ ከ2.3 ማይክሮሜትር በላይ ደግሞ የዚህ ብርሃን ጅራት ከደብዛዛ ኮከብ ብርሃን ይበልጣል። ግሬቲንጉ፣ መያዣው፣ የሳጥኑ ግድግዳ ሁሉ በዲቴክተሩ ፊት የሚያበሩ መብራቶች ይሆናሉ። ስለዚህ ኬ ባንድን የሚፈልግ ሰው ሙሉውን ስፔክትሮግራፍ በቫክዩም ውስጥ አድርጎ ማቀዝቀዝ አለበት።

አሉሚኒየም ከክፍል ሙቀት ወደ 77 ኬልቪን ሲወርድ 0.4 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ ሲሊከን 0.02 በመቶ ብቻ፤ የኳርትዝ መስታወት ከዚያም ባነሰ። ሰሌዳው ከአሉሚኒየም የሆነ ግሬቲንግ የጭረቶቹ ርቀት አብሮት ስለሚጠብብ፣ በዚያው ማዕዘን ላይ የሚወጣው የሞገድ ርዝመት በ0.4 በመቶ ያንሳል። በ2.2 ማይክሮሜትር ይህ 0.009 ማይክሮሜትር ነው፤ በእርስዎ የመለየት አቅም ሲታይ ወደ 12 የሚጠጉ የመለያ እርምጃዎች ማለት ነው። መጠኑ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ በየጊዜውም የማይለዋወጥ በመሆኑ ግሬቲንጉን በጥቂቱ በማዞርና በአርጎን መብራት በማመሳከር ይስተካከላል። መልካሙ ነገር፣ አካሉ፣ መስታወቶቹና ግሬቲንጉ ሁሉም ከአሉሚኒየም ከሆኑ ሁሉም በእኩል መጠን ስለሚያንሱ የምስሉ ጥራት አይዛባም። የሚያስፈራው የተለያዩ ቁሶች የተጋጠሙበት ቦታ ነው፤ የ30 ሚሊሜትር የመስታወት ሰሌዳ በአሉሚኒየም መያዣ ውስጥ ሲቀዘቅዝ መያዣው በ0.12 ሚሊሜትር ስለሚያጥር፣ በቦሎን ጥርቅ አድርገው ካሰሩት ሰሌዳውን ያጎብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። በሦስት ነጥቦች አስደግፎ በስፕሪንግ መያዝ ይሻላል። በሬዚን የተቀዳ ግሬቲንግ ቅዝቃዜውን ይችላል፤ ግን ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፣ ቀስ ብሎም ይሙቅ።

ግሪዝም ለመረጠ ሰው ደግሞ የሚለወጠው የስብረት ኢንዴክሱ ነው። የሲሊከን የስብረት ኢንዴክስ ከክፍል ሙቀት ወደ ናይትሮጅን ሙቀት ሲወርድ ከ3.45 ወደ 3.42 ገደማ ዝቅ ስለሚል፣ ሳይታጠፍ የሚያልፈው የሞገድ ርዝመት ከ1 በመቶ በላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ በክፍል ሙቀት ሠንጠረዥ የተሰላ የሲሊከን ንድፍ መጀመሪያውኑ የተሳሳተ ንድፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፈሳሽ ናይትሮጅን በእኛ አካባቢ ብርቅ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ለከብት ማዳቀል አገልግሎት ዘሩ የሚጓጓዘው በእርሱ መሆኑን የግብርና ሰዎች ያውቃሉና እነሱን መጠየቅ አይከፋም። እኔ ብሆን ግን በመጀመሪያው ዙር ኬ ባንድን እተወው ነበር። የተለመደው የኢንዲየም ጋሊየም አርሴናይድ ዲቴክተር ከ1.7 ማይክሮሜትር በላይ ያለውን ብርሃን አያይም፤ ስለዚህ የሳጥኑን ሙቀት አብዛኛውን አያየውም፣ ግሬቲንጉም ሳይቀዘቅዝ መሥራት ይችላል። ከ1.45 እስከ 1.7 ባለው ውስጥ በ1.644 ያለው የብረት አዮን መስመርና የሃይድሮጅን የብራኬት ተከታታይ መስመሮች ይገኛሉ፤ የሃይድሮክሲል መስመሮችም የሚበረቱት እዚሁ ስለሆነ የመረጡት 3,000 እውነተኛ ፈተና የሚገጥመው በዚህ ባንድ ነው።

ስለ አቡነ ዮሴፍም ጠይቀዋል። የውሃ ተን ከአየሩ ራሱ ፈጥኖ ከከፍታ ጋር ስለሚሳሳ፣ ባንዶቹን የሚለያዩት በ1.4 እና በ1.9 ማይክሮሜትር አካባቢ ያሉ የተን ግድግዳዎች እዚያ ላይ ይሳሳሉ፤ የመስኮቶቹ ጠርዝ ይሰፋል። የሃይድሮክሲሉ ብርሃን ግን ከ80 ኪሎሜትር በላይ ስለሚመነጭ ተራራ አያስቀረውም፤ የክረምቱም ደመና እንደዚያው። ስለዚህ ከፍታው የበታኙን ምርጫ አይለውጥም፤ የሚለውጠው ስፔክትረሙን የት ጀምረው የት እንደሚቆርጡት ነው።


ጦሳ ስር

የላስታ ሰማይ ምክር ጥሩ ነው፤ በኤች ባንድ መጀመርን እኔም እደግፋለሁ። የጭረቱን ጥያቄ ልመልስ።

በሚሊሜትር 600 ጭረት ያለው ግሬቲንግ በመጀመሪያው ኦርደር 2.2 ማይክሮሜትርን የሚመልሰው በ41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የመለየት አቅሙም 3,600 ይሆናል። ይህ ግን ኮሊሜተሩ (ከስሊቱ የሚመጣውን ጨረር ትይዩ የሚያደርገው ክፍል) እና ካሜራው በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ነው፤ በተግባር መለያየት አለባቸው። በመካከላቸው 40 ዲግሪ ቢተዉ፣ ግሬቲንጉ ወደ ካሜራው ፊቱን ሲሰጥ አቅሙ 6,300 ይደርሳል፤ ወደ ካሜራው የሚገባው ጨረር ግን ከ20 ወደ 42 ሚሊሜትር ይሰፋል። ወደ ኮሊሜተሩ ፊቱን ሲሰጥ ደግሞ አቅሙ 3,000 ላይ ይወርዳል፣ ጨረሩም ወደ 9 ሚሊሜትር ይጠብባል። ስለዚህ የማዕዘኑ ምርጫ ከግሬቲንጉ ምርጫ እኩል ክብደት አለው፤ ሁለቱን ለየብቻ አይወስኑ። ቦታ ከፈቀደልዎ ማዕዘኑን ወደ 25 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ነገሩን ያለሰልሰዋል።

የዲቴክተሩንም ሒሳብ ይሥሩ። ከ1.45 እስከ 2.4 ያለው ስፋት 0.95 ማይክሮሜትር ነው። አንዱ የመለያ እርምጃ በ2.2 ላይ 0.00073 ማይክሮሜትር ስለሆነ 1,300 እርምጃ ይገኛል፤ ለእያንዳንዱ ቢያንስ 2 ፒክስል ቢሰጡት 2,600 ይፈለጋል፤ ዲቴክተርዎ ያለው 2,048 ነው። ሁለቱን ባንዶች በአንድ ጊዜ ማንሳት ስለማይችሉ ለየብቻ ያንሷቸው። ለየብቻ ሲሆኑ ግን ሰፊ ትርፍ አለዎት፤ ኬ ባንድ ብቻውን 1,100 ፒክስል ገደማ ይበቃዋል። የዲቴክተሩ ፒክስል 18 ማይክሮሜትር ከሆነ፣ የስሊቱ ምስል በ2 ፒክስል ላይ እንዲያርፍ የካሜራው የትኩረት ርዝመት 74 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል።

ከዚህ በላይ የማስጠነቅቅዎ ስለ ፖላራይዜሽን ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከጭረቱ ርቀት ሲበልጥ፣ በእርስዎ ሁኔታ 1.3 እጥፍ ነው፣ ግሬቲንጉ ከጭረቱ ጋር ትይዩ ለሆነውና ተሻጋሪ ለሆነው ብርሃን በጣም የተለያየ ብቃት ያሳያል፤ በአንዳንድ የሞገድ ርዝመቶችም ድንገተኛ ጉድጓዶች ይታያሉ። ሻጩ የሚያሳየው ኩርባ የአንዱን ብቻ ከሆነ አማካዩን እንዳይመስልዎ፤ ሁለቱንም ይጠይቁ። በሚሊሜትር 300 ጭረት ያለውን በሁለተኛው ኦርደር መጠቀም ያንኑ ማዕዘን እየሰጠ ይህን ልዩነት በአብዛኛው ያለዝበዋል፤ በ2 እና በ2.4 መካከል ያለው ብርሃን በሦስተኛው ኦርደር ከሚመጣው ከ1.33 እስከ 1.6 ካለው ጋር ስለሚደራረብ ግን የኬ ባንድ ፊልተር ከፊቱ መኖር አለበት።

ግሬቲንጉ በእጅዎ ሲገባ ከመቀዝቀዙ በፊት በጠረጴዛ ላይ ይለኩት። ለፋይበር መስመር የሚያገለግለው የ1.55 ማይክሮሜትር ሌዘር በኤች ባንድዎ መካከል ነው፤ አንድ ፖላራይዘርና አንድ የኢንዲየም ጋሊየም አርሴናይድ ፎቶዳዮድ ከተገኘ በቂ ነው። ፖላራይዘሩን በሁለቱ አቅጣጫ አድርገው የተበተነውን ብርሃን ይለኩ፤ ከዚያ ግሬቲንጉን አንሥተው በቦታው አሉሚኒየም የተቀባ ጠፍጣፋ መስታወት በማስቀመጥ በተመሳሳይ ሁኔታ ለክተው ያካፍሉ። ሌዘሩ ራሱ በአንድ አቅጣጫ ስለሚያደላ፣ የመስታወቱ ልኬት ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ለየብቻ መወሰድ አለበት።